ቢጫ መሆን የነበረባቸው ኦቾሎኒዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ተክል ለመለመብኝ ብሎ የሚቆጣ ሰው ቢፈለግ ከይርገዱ በቀር አይገኝም። ሌላው ሰው በዚህ ሙቀት ደጃፉ ላይ የተከላት ነገር አንድ ቅጠል ብታወጣለት ጎረቤት ጠርቶ ያሳያል። እሷ ግን በዚያ ሰኞ ጠዋት በሽቦ ወንፊት የታጠረውን የተክል ቤት ከፍታ ገባች፤ ጥግ ላይ ለብቻቸው የተደረደሩትን ኦቾሎኒዎች ጎንበስ ብላ አየች፤ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። ከዚያ የያዘችውን ባልዲ ወለሉ ላይ ወረወረችው።

«ደግሞ! ደግሞ ለመለሙ!»

ጩኸቷን ሰምታ ከላቦራቶሪው እየሮጠች የመጣችው የሥራ ባልደረባዋ ሃሌሉያ ናት። ሃሌሉያ በሩ ላይ ደርሳ አረንጓዴውን ስታይ ወዲያው ተመለሰች። እንዲህ ባለ ሰዓት ይርገዱ አጠገብ መቆም ለጤና እንደማይበጅ ሕንፃው ውስጥ የማያውቅ የለም።

ለማያውቅ ሰው ይሄ እብደት ይመስላል፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መናገር ይሻላል። ኦቾሎኒ እንደ ባቄላና እንደ አተር ሁሉ ሥሩ ላይ የማሽላ ፍሬ የምታካክል እንክብል ያበቅላል። እንክብሏ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነሱ አየር ውስጥ በነፃ ያለውን ናይትሮጅን ይዘው ለተክሉ ማዳበሪያ ያደርጉለታል፤ ተክሉ በፋንታው ስኳር ይቀልባቸዋል። ገበሬው ማዳበሪያ ሳይገዛ እርሻው አማረለት ማለት ነው። ችግሩ ባክቴሪያውም እንደ ሰው መሆኑ ነው። የሚሠራ አለ፤ እንክብሏ ውስጥ ተጋድሞ የተክሉን ስኳር ሲቅም የሚውልም አለ። የይርገዱ ሥራ ሠራተኛውን ከሰነፉ መለየት ነው።

ሠራተኛዋን ደግሞ አግኝታለች። ዝናብ ጨርሶ በቀረበት ዓመት ጀልዴሳ ወርዳ፣ ሀሊሞ የምትባል ባልቴት ማሳ ላይ፣ ዙሪያው ሁሉ ነድዶ የእሷ ኦቾሎኒ ብቻ ቆሞ አየች። ይርገዱ ፀሐይ ላይ ተንበርክካ አንዱን ተክል ከነሥሩ አወጣችና እንክብሏን በጥፍሯ ሰነጠቀቻት። ውስጧ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ቀይ ከሆነች ትሠራለች። እንክብሎቹን በበረዶ ሳጥን አድርጋ፣ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በጭነት መኪና ጋቢና እየተንገጫገጨች ድሬ ገባች። ባክቴሪያዋን ለይታ አራባቻት፤ ስሟንም «የጀልዴሳዋ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ከቤቷ ከሳቢያን በባጃጅ እየበረረች መጥታ ማቀዝቀዣው አጠገብ ትቆማለች። ባሏን ወባ ሲያንቀጠቅጠው እንኳን እንዲህ አልሮጠችም እያሉ ያሟታል፤ ባሏ ራሱ ነው የሚያማት።

የቀረው ማስመስከር ብቻ ነበር። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ታጥቦ በእንፋሎት ይቀቀላል፤ አንድም ነፍስ ያለው ነገር እንዳይቀርበት። ኦቾሎኒው እዚያ ይተከልና ናይትሮጅን የሌለበት ምግብ ይሰጠዋል። ግማሹ የጀልዴሳዋን ይከተባል፤ ግማሹ አይከተብም። የተከተበው መለምለም፣ ያልተከተበው መራብና ቢጫ መሆን አለበት። ያልተከተበውም ከለመለመ ግን፣ የተከተበው የለመለመው በጀልዴሳዋ ነው ብሎ የሚያምን ሰው አይገኝም።

ቢጫዎቹ ደግሞ ቢጫ አልሆን አሉ። የሚያናድደው ጭራሽ እንቢ ማለታቸው አይደለም። መጀመሪያ ይጀምራሉ። ቅጠላቸው ፈዘዝ ሲል ይርገዱ እንደ ሙሽራ ፊቷ ይፈካል፤ ሃሌሉያን ሻይ ትጋብዛለች። ከዚያ፣ ሰው ሳይነካቸው፣ ተመልሰው ይለመልማሉ። ሥራቸው ሲነቀል እንክብል በእንክብል ነው። አንዴ ሲሆን አጋጣሚ ነው ብላ ደገመችው። ሁለተኛም ያው ሆነ። አሁን ባልዲ የወረወረችበት ሦስተኛው ነው።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ዶክተር ጦልሃ ረጋ ያለ ሰው ነው። እርጋታው ራሱ ያናድዳታል።

«ይርጌ፣ ገምጋሚዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ አበባ ይመጣሉ» አላት ብርጭቆውን እያማሰለ። «ብክለቱ ከየት እንደመጣ ከነገርሻቸው ሙከራው ይደገማል። ምክንያቱ አልታወቀም ካልሽ ግን የጀልዴሳዋን ያወጧታል። እኔም አፌን ሞልቼ ልከራከርላት አልችልም።»

«ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁባትን?»

«ልፋት ማስረጃ አይደለም።»

«ልፋት ማስረጃ አይደለም» እያለች ደረጃውን ወረደች። ከታች እስክትደርስ ሦስት ሰው ሰላም ብሏታል፤ ለአንዱም አልመለሰችም።

ይርገዱ ተወልዳ ያደገችው ከዚራ፣ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነው። አባቷ ባቡር ጋራዥ ውስጥ ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ነበር፤ አንድ ብሎን ከላላ መንገደኛው ሁሉ አለቀ የሚል ጭንቀቱን ለልጁ አውርሶ ሞተ። ጎረቤቶቿ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አደሬው፣ አማራው ተደባልቀው ይኖሩ ነበርና፣ አራት ቋንቋ በነፃ ተምራለች። የማትችለው የድሬን ጠባይ ብቻ ነው። ድሬ ቀለል ያለች ከተማ ናት። ነገር ሲከብድ «አቦ ተወው» ይባልና ይተዋል። ይርገዱ ግን ምንም ነገር ትታ አታውቅም። በሙቀቱ ምክንያት እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ሦስት ሰዓት ያህል መዘጋቱን እንኳን፣ እሷን ለማበሳጨት ተብሎ የተደነገገ ይመስል እስከ ዛሬ አለመደችውም። ቤቷ የመጣ እንግዳ፣ ታጥቦ የተቀመጠ ብርጭቆ ፊቱ ላይ እንደገና ሲታጠብ ያያል። «እጄን አምነሽ ጨብጪኝ እንጂ፣ አልመርዝሽም» ይሏታል ዘመዶቿ።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ ቆሻሻ ገባብሽ የተባለችው።

እስከዚያ ሰኞ ድረስ ያላረገችው ነገር የለም። አሸዋውን ደጋግማ ቀቀለችው። ዘሩን በበረኪና ስታጥብ የጣቶቿ ቆዳ ተላጠ። የማምከኛው ማሽን ነው ብላ ማሽኑን አስፈትታ አስገጠመች፤ ጠጋኙ ምንም አልሆነም ሲላት «አንተ ምን ታውቃለህ» ብላ ሰደበችው፤ ኋላ ይቅርታ ጠየቀችው። ጉንዳን ነው ብላ የጠረጴዛዎቹን እግር ጋዝ የተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ አቆመች። ያልተከተቡትን ገና ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ ከተከተቡት አርቃ፣ ወዲያ ማዶ ወንፊቱ ሥር ነበር የደረደረቻቸው፤ ፍንጣቂ እንኳን እንዳይደርሳቸው። ያ ሁሉ ልፋት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት።

ነገር ሲያልቅባት ወደ ሰው ዞረች። ቅርብ ያለው ሰው ሃሌሉያ ናት።

«ጓንት ሳትቀይሪ ከተከተቡት ወደ ያልተከተቡት አልፈሻል!»

«አላለፍኩም።»

«አልፈሻል! ካንቺ በቀር ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«ይርጌ፣ ወላሂ አላለፍኩም!» አለች ሃሌሉያ። ጴንጤ ናት፤ ግን የድሬ ልጅ ናትና ስትበሳጭ የሚመጣላት መሐላ ወላሂ ነው። «ቁልፉ አንቺም ጋ አለ። የአብዬን ወደ እምዬ አታዙሪው!»

ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት «ጠርሙሱን አቀብይኝ» እና «እንኪ» ብቻ ሆነ። ይርገዱ ሌት ተቀን አብራት የምትሠራን ሰው እንዲያ በማለቷ ውስጧን ይበላት ነበር፤ ይቅርታ ለማለት ግን መጀመሪያ ጥፋተኛው ሌላ መሆን አለበት፤ ሌላው ደግሞ አልተገኘም። ይባስ ብሎ ጭቅጭቁን ዶክተር ጦልሃ ሰምቷል። «ሃሌሉያ ናት ካልሽ፣ ሃሌሉያ ናት ብዬ ለገምጋሚዎቹ እነግራለሁ» አላት በዚያ እርጋታው። «እርግጠኛ ሁኚና ንገሪኝ።»

በዚያ ሰሞን ይርገዱ ያልተጣላችው ሰው ቢኖር ዘበኛው ዋርፋ ብቻ ነው። ዋርፋ ፂሙን በሂና ያቀላ ረጅም ሽማግሌ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሐርላ፣ ቁራጭ መሬት አለችው። ጎህ ሲቀድ የራሱን ኦቾሎኒ ኮትኩቶ፣ የማሳውን አቧራ እግሩ ላይ እንደያዘ በላስቲክ ጫማው መጥቶ በሩ ላይ ይቀመጣል። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ገበያ የለውም። ይርገዱ በሶማሊኛው «አደር»፣ አጎቴ፣ ብላ ታከብረዋለች እንጂ እንደ ልጅነቷ «አንተ» ነው የምትለው።

«ናበድ፣ ይርጌ» ብሎ በሶማሊኛ ሰላም አላት ያን ሰኞ ስትወጣ። «ዛሬም ተጣላሽ?»

«ተወኝ፣ አደር።»

«ከማን ጋር?»

«ከኦቾሎኒ ጋር!»

«ምን ሆነ? ደረቀ?»

«ለመለመ!»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ምን አልሐምዱሊላህ ያሰኛል? ቢጫ መሆን ነበረበት!»

«ወላሂ እናንተ የተማራችሁ ሰዎች» አለ ዋርፋ ራሱን እየነቀነቀ፤ «አላህ ሲከለክላችሁ ትቆጣላችሁ፤ ሲሰጣችሁም ትቆጣላችሁ። ይሄ ደም ግፊት ነው፣ ይርጌ። ሐኪም ጋ ሂጂ።»

ሐኪም ጋ አልሄደችም። ሌላ መላ መታች። ጠዋትና ከሰዓት እሷ አለች፤ ሃሌሉያ አለች። የተክል ቤቱ ባዶ የሚሆነው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ሲገባ፣ ሰዉ እያንዳንዱ በየጥጉ ሲጋደም። ገብቶ የሚበክለው ምንም ይሁን ምን የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ማክሰኞ ዕለት ምሳዬን ልብላ ብላ ወጥታ በጓሮ ዞረችና፣ ተክል ቤቱ ውስጥ ከአሸዋ ጆንያዎች ኋላ ተቀመጠች።

ሙቀቱ ለብቻው ቅጣት ነበር። ላቡ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ይወርዳል። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ታርፋለች፤ እንዳትንቀሳቀስ ፈርታ በአፏ እፍ ትላታለች። «በዚህ ዕድሜዬ ጆንያ ኋላ!» አለች በልቧ። ከተማው ሁሉ ተኝቶ እሷ ብቻ ላበት የምታጠምቅ መሰላት፤ በተኙት ሁሉ ላይ ተናደደች።

ከዚያ የላስቲክ ጫማ ኮቴ ሰማች። ዋርፋ ነው። ሳፋና ጆግ ይዞ ወደ ቧንቧው መጣ። ቧንቧው ያለው ከተክል ቤቱ ውጭ፣ ወንፊቱ አጠገብ ነው። ለዙህር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ነው። በዚያ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ድሬ ላይ ውሃ መሬት የሚደፋ ሰው ነውረኛ ነው። ስለዚህ ዋርፋ ሳፋው ላይ ሆኖ ተጣጠበ። እጁን፣ አፉን፣ አፍንጫውን፣ ፊቱን፣ ክንዱን እስከ ክርኑ። ራሱን አበሰ። በመጨረሻ ጫማውን አውልቆ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ በደንብ አድርጎ አሸ፤ የሐርላ አቧራ ሁሉ ሳፋው ውስጥ ወረደ። ይርገዱ ዓይኗን አዞረች። ሰው ሲታጠብ ማየት ነውር ነው፤ የምትጠብቀውም ሌላ ነገር ነው።

የውሃ ድምፅ ሰምታ ዓይኗን መለሰችው። ዋርፋ ሳፋውን በሁለት እጁ ይዞ ወንፊቱን ተጠግቶ፣ ያልተከተቡትን ኦቾሎኒዎች ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በተራ በተራ ያጠጣል። ለአንዱ አብዝቶ ለሌላው እንዳያሳንስ ይጠነቀቃል።

«ቢስሚላህ። ጠጡ፣ መስኪኖች» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለነዚያ ሰጥታ እናንተን ከለከለቻችሁ። አይዟችሁ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሥራ በዝቶባት ነው።»

ይርገዱ ሁሉም ነገር በአንዴ ታያት። የሐርላ ማሳ። የኦቾሎኒ አፈር። አፈሩ ውስጥ የሚርመሰመሰው ባክቴሪያ። እግር፣ ሳፋ፣ ወንፊት። እሷ ደግሞ በበረኪና እጇ እስኪላጥ ያጠበቻቸውን ዘሮች፣ ፍንጣቂ እንዳይነካቸው ብላ፣ በገዛ እጇ ወስዳ እዚያ ወንፊት ሥር ደርድራቸዋለች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት ይሄ ነው።

ደሟ ራሷ ላይ ወጣ። ከጆንያው ኋላ ብድግ አለች፤ አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ዋርፋ ሰሌኑን ዘርግቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ጆሮው አንስቶ «አላሁ አክበር» አለ።

ሶላት ላይ ያለ ሰው ላይ አይጮኽም። ያደገችበት ሰፈር ልጅ ሁሉ የሚሰግድ ሰው ፊት እንኳን አያልፍም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው። ይርገዱ ያፈነችውን ጩኸት ይዛ ተመልሳ ቁጭ አለች። ሽማግሌው ሶላቱን አያቻኩልም፤ ሲያጎነብስ ሩኩዑ ረጅም፣ በግንባሩ ሲደፋ ሱጁዱ ረጅም። እሷ ጆንያውን በጡጫዋ እየደበደበች ትጠብቃለች። ታግሳ ታግሳ ስላልቻለች በጓሮው በር ወጥታ በቀጥታ ወደ ዶክተር ጦልሃ ቢሮ ወጣች።

ዶክተሩ ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል።

«አገኘሁት!»

«ሃሌሉያ ናት?»

«አይደለችም! እሷ ምንም አላረገችም። ውሃ ነው። የእግር እጣቢ ነው! ሰው ማሳ ረግጦ መጥቶ፣ ያን እግሩን ቧንቧው ጋ ታጥቦ፣ እጣቢውን በወንፊቱ በኩል ደፋባቸው። ሦስቱንም ጊዜ! አፈሩ እኮ ባክቴሪያ ነው፤ በሳፋ ክትባት ሰጣቸው ማለት ነው!»

ዶክተር ጦልሃ ተነስቶ ተቀመጠ። እርጋታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎ ሳቀ። «ማሻአላህ! ይሄማ በቂ ምክንያት ነው። ይደገማል፤ የጀልዴሳዋ ተረፈች» አለ። «ማን ነው ታዲያ? ዘበኛ ከሆነ ቀላል ነው። ባለፈው ፍየል አስገባ የተባለውን፣ የጥበቃ ድርጅቱ በማግስቱ ነው ያሰናበተው። አንድ ስልክ ብቻ ነው።»

ስልኩንም አነሳ።

ይርገዱ ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ስሙን ለመናገር የሚያበቃ ንዴት አለባት፤ ዋሽቼ የምራራለት ምን ምክንያት አለኝ ብላለች። ግን ስልኩን ስታይ የዋርፋ መልስ ታያት። ድርጅቱ ጠርቶ «ውሃ ደፍተሃል?» ቢለው አይክድም። መካድ አያውቅም። «አዎ፣ በየቀኑ» ብሎ በኩራት ይናገራል። የሐርላዋ ቁራጭ መሬት ዝናብ ካልመጣ ለአንድ ፍየል አትበቃም። ሂና የተቀባ ፂም ያለውን ሽማግሌ ደግሞ ሌላ የሚቀጥረው የለም።

«ማን ነው?» አለ ዶክተሩ።

«እኔ ነኝ።»

«እ?»

«እኔ ነኝ አልኩህ! ከጀልዴሳ መስክ ስመለስ እግሬን እዚያ ታጠብኩ። ውሃው እንዳይባክን ብዬ ደፋሁላቸው።»

«አንቺ? በረኪና ውስጥ የምትኖሪው አንቺ?»

«ሰው ነኝ፤ ረሳሁ!»

«ሦስቱንም ጊዜ ረሳሽ?»

«ሦስቱንም ጊዜ!» ብላ ጮኸች። ስትዋሽም ያው ንዴቷ አልበረደም ነበርና ዶክተሩ አመናት። ዋርፋን አንቃ ልትገድለው ትፈልጋለች፤ ስልኩን ቀምታ በመስኮት ልትወረውረው ትፈልጋለች፤ ከሁሉ በላይ ግን በዚህ ሞኝነቷ የገዛ ራሷን ፀጉር ልትነጭ ትፈልጋለች።

ዶክተር ጦልሃ ስልኩን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። «ሕጉን ታውቂዋለሽ» አለ። «እጁ ያበላሸ ሰው ድጋሚውን አይነካም። ሙከራውን ሃሌሉያ ትይዛለች።»

ታውቀዋለች። ሕጉን ያወጣችው እሷ ራሷ ናት፤ ሌሎች ዝርክርክ ናቸው ብላ።

ለሃሌሉያ ቁልፉን የሰጠቻት በማግስቱ ነው። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለቻት መሬት መሬት እያየች። ሃሌሉያ ቁልፉን በእጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ይርጌ፣ አንቺ እግርሽን ታጥበሽ ኦቾሎኒ ላይ? ይሄን ለማን ነው የምታወሪው?» አለች። ይርገዱ «ያዢው ተብለሻል ያዢ! ቢጫ ሲሆኑ ደግሞ ንገሪኝ» ብላ ሄደች።

ገምጋሚዎቹ መጥተው ምክንያቱን ተቀበሉ፤ ሳቁም። አንደኛው ከመውጣቱ በፊት «ያቺ እግሯን የታጠበችው የቷ ናት?» ብሎ ጠየቀ፤ አሳዩት። የጀልዴሳዋ አልተሰረዘችም፤ ሙከራው ይደገማል። ይርገዱ ጠርሙስ አጠባ ላይ ተመደበች። አንድ ነገር ብቻ ለምና አስፈጸመች፦ ቧንቧው ወደ ግቢው በር ተዛወረ፤ የወንፊቱም ያ ጎን ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ተሸፈነ። ከማጠቢያው መስኮት ሃሌሉያ ስትገባና ስትወጣ ይታያታል። አሸዋውን በደንብ ቀቅላው ይሆን? ጓንት ቀይራ ይሆን? ገብቶ ማየት ክልክል ነው። አንድ ቀን የጀልዴሳዋ ክትባት በትሪ ሆና በአጠገቧ ስታልፍ፣ የያዘችው ጠርሙስ ላይ እንባዋ ወረደ። በንዴት ነው ያለቀሰችው፤ ሌሎቹ ግን ፀፀት ነው አሉ።

ወሬው መጨረሻ ላይ በሩ ላይ ደረሰ። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ዋርፋ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ በእጁ መታ መታ አደረገ።

«ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች።

«የሰማሁት እውነት ነው? እግርሽን ታጥበሽ ቆሻሻውን ለተክል አጠጣሽ?»

ይርገዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች። «እውነት ነው።»

«ያ አላህ!» አለ ዋርፋ። ከልቡ አዝኗል። «አንቺ የተማርሽ ሰው! ለሚበላ ነገር የእግር ቆሻሻ? ነውር አይደለም ወይ? ለካ ለዚያ ነው መስኪኖቹ ቢጫ የሚሆኑት!»

ይርገዱ ጥርሷን ነከሰች።

«ሙተው ነበር እኮ፣ ይርጌ። ማን እንዳተረፋቸው ታውቂያለሽ?» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እኔ ነኝ። ውዱእ ባደረግኩ ቁጥር ውሃዬን ለእነሱ ነበር የምሰጠው። የውዱእ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ሰውየው ለአላህ የታጠበበት ነው። አንቺ ስታበላሺ፣ እኔ ሳክም። ወላሂ ላንቺ ብዬ ነው፤ ሲለመልሙ ደስ የሚልሽ መስሎኝ። አሁን ቧንቧውን ወዲህ አመጡት፣ ላስቲክም ጋረዱባቸው እንጂ።»

ይርገዱ ብትናገር ወይ ትጮኻለች ወይ ታለቅሳለች፤ የቱ እንደሚቀድም ራሷም አላወቀችም።

«ቆይ» አለ ዋርፋ፤ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። «ለዶክተሩ ሄጄ ልንገረው። ዋርፋ በየቀኑ ያጠጣቸው ነበር ካልኩት ይቀልልሻል። ሥራሽን ይመልስልሻል።»

ሁለት እርምጃ ሄዶ ነበር። ይርገዱ እጅጌውን ይዛ ጎተተችው።

«አደር! አትሂድ!»

«ለምን?»

«እ… ሶደቃ ነው አይደል? ለመስኪን የሰጠኸው?»

«ሶደቃ ነው። ነፍስ ላለው ሁሉ ሶደቃ አለ።»

«ሶደቃ ደግሞ ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራው አያውቅም አይደለም ወይ የሚባለው? ዶክተሩ ዘንድ ሄደህ ካወራኸው ምን ሶደቃነት አለው?»

ዋርፋ ቆመ። ሂና የነካውን ፂሙን ይዞ ብዙ አሰበበት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «ልቤ ላይ ትንሽ ኩራት ገብቶብኝ ነበር። አስታወስሽኝ፤ አላህ ይስጥሽ። ለማንም አልናገርም።»

ይርገዱ ልትነሳ ስትል ክንዷን ያዛት።

«አንቺም» አለ፤ እንደ አባት፣ ፊቷን እያየ፤ «ከእንግዲህ እግርሽን ስትታጠቢ ከተክል ራቅ በይ። ንጽህና ትልቅ ነገር ነው፤ መማር ብቻውን አይበቃም። እሺ?»

ለዚያ ሕንፃ ሰው ሁሉ ስትሰጠው የኖረችው ዓይነት መልስ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ዋጠችው።

«እሺ፣ አደር» አለች።